የጓሮ ኩሬና የአትክልት መደብ፤ ስለ ውኃው አጠባበቅ

በ1990ዎቹ አጋማሽ በትግራይና በአማራ ክልሎች የቤተሰብ ኩሬ በዘመቻ ሲቆፈር ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ከእነዚያ ኩሬዎች ጥቂት የማይባሉት ውኃው ሠርጎ ወይም ተንኖ፣ አለዚያም በደለል ተሞልተው ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ስለ ቁፋሮው በአጭሩ፣ ስለ ውኃው ጥበቃ ግን በሰፊው እንናገራለን።

አስቀድሞ ሒሳቡን መሥራት ይገባል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ከዚህ አምስተኛው ይባክናል ብንል፣ 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 800 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ክረምት 32 ሜትር ኩብ ውኃ ይሰጣል። ይህን ውኃ አፉ 6 በ6፣ ወለሉ 2 በ2፣ ጥልቀቱም 2 ሜትር የሆነ ኩሬ ይይዘዋል። ጎኑ ዘቅዘቅ ማለቱ አፈሩ እንዳይናድ ይረዳል።

አፈሩ ውኃ የማይዝ ከሆነ ሸክላ አፈርን በስሱ እያነጠፉና እያረጠቡ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። አቅም ላለው ጂኦሜምብሬን የሚባለው ፕላስቲክ ይሻላል፤ ከመነጠፉ በፊት ግን ሹል ድንጋይና ሥር በጥንቃቄ ይለቀም። ኩሬውም ከባሕር ዛፍ ይራቅ። የደጅ ጎርፍ የሚገባበት ከሆነ ከመግቢያው በፊት ደለሉን የሚያስቀር ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈር።

ውኃ አጠራቃሚው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፀሐይን ነው። በበጋ ከኩሬ ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይተናል። አፉ 6 በ6 ለሆነ ሙሉ ኩሬ ይህ 180 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ዘጠኝ ጀሪካን ነው። አንድ ካሬ ሜትር የጎመን መደብ በቀን 5 ሊትር ይበቃዋል ብንል፣ የተነነው ብቻ 36 ካሬ ሜትር መደብ ባጠጣ ነበር። እንግዲህ በኩሬው ላይ እንጨት ረብርቦ ሣር መክደን ወይም የዱባና የቅል ሐረግ ማሳደግ እንደ ትርፍ ሥራ ሊቆጠር አይገባም። መደቡንም በገለባ መጎዝጎዝ፣ ውኃውንም በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ከተክሉ ሥር ማፍሰስ ብዙ ያተርፋል።

የመደቡ ስፋት በውኃው ልክ ይሁን። ለዚህ ኩሬ ከ30 እስከ 40 ካሬ ሜትር እንመክራለን፤ ሰፋ አድርጎ ተክሎ ፍሬው ሳይደርስ ውኃ ማጣት ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ችግኙ በመስከረም ፈልቶ በጥቅምት ቢተከል የመጀመሪያው ምርት በጥር አካባቢ ይነሣል። ተከትሎ የሚተከለው ቆስጣና ካሮት ደግሞ በዐቢይ ጾም፣ አትክልት በገበያ እጅግ በሚፈለግበት ወቅት ሊደርስ ይችላል።

ከአትክልቱ ይልቅ ግን ሕይወት ይቀድማልና ስለ ጥንቃቄው አጥብቀን እናሳስባለን። በፕላስቲክ የተነጠፈ ጎን ያሟልጫል፤ የገባ ሕፃን ወይም ጥጃ በራሱ መውጣት አይችልም። ውኃው ከመግባቱ በፊት ኩሬው በእሾህ ወይም በአጣና ይታጠር፣ በሩም ይቆለፍ። ቋጠሮ ያለው ጠንካራ ገመድ ከዳር ካለ ችካል ጋር ታስሮ እስከ ወለሉ ይውረድ። ወባ ባለበት ቆላና ወይና ደጋ ደግሞ ትንኝ በረጋ ውኃ ውስጥ ከእንቁላል ተነሥታ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ትበራለች። ስለዚህ በኩሬው ዳር የሚበቅለው ሣር በየሳምንቱ ይነቀል፤ ክዳኑም ክፍተት አይኑረው። ውኃው ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ከሆነ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እጩን ይበላል። ይህ ውኃ ሳይጣራና ሳይፈላ አይጠጣም።

ግንቦት ላይ ኩሬው ሲጎድል ፕላስቲኩን በማይቀድ መሣሪያ፣ ይልቁንም በእጅና በባልዲ፣ ደለሉ ይውጣ፤ የተቀደደ ካለም ክረምቱ ሳይገባ ይጠገን። የወጣው ደለል ለም ስለሆነ ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ ለሚቀጥለው መደብ ይውላል።