ጠዋት ባሕር፣ ከሰዓት ተራራ፦ ከታላላቆቻችን ጋር የአንድ ቀን ቲዩል እንዴት ይዘጋጃል?

የዚህ እትም የትምህርት ጽሑፋችን ስለ ቲዩል ነው። «ቲዩል ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» የሚል አይጠፋም። እኛ አራት የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎችም የተግባር ልምምዳችንን በአንድ የአረጋውያን ሞአዶን ስንጀምር እንደዚያው ነበር ያሰብነው። አውቶቡስ መከራየት፣ ውሃና ዳቦ መግዛት፣ ፎቶ ማንሳት፣ በቃ። ሞከርን፤ ተሳሳትን። ከዚያ እንደገና ሞከርን። ወላጆቹን፣ አያቶቹን ወይም የሠፈሩን ሽማግሌዎች ይዞ መውጣት ለሚፈልግ ተማሪ እንዲጠቅም፣ ከሁለቱ ጉዞዎች የተማርነውን እነሆ።

ለምን ሐይፋ?

ሐይፋ በአገራችን በትልቅነቷ ሦስተኛ ከተማ ናት። ተራራና ባሕር እንዲህ የሚቀራረቡበት ሌላ ትልቅ ከተማ የለንም። የካርሜል ተራራ ከከተማዋ መሐል ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዘልቃል፤ ከፍተኛው ቦታ ዒስፊያ መንደር አጠገብ 546 ሜትር ነው። ከታች ደግሞ በ1933 የተከፈተው ወደብ አለ። በእግር መውጣት ለማይችል ሰው መንገዱ ብዙ ነው። ከ1959 ጀምሮ የሚሠራው ካርመሊት የምድር ውስጥ ባቡር ከታችኛው ከተማ ወደ ተራራው አናት ይወጣል። በ2022 የተከፈተው የገመድ መጓጓዣ ደግሞ 4.4 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከሚፍራጽ አውቶቡስ ጣቢያ በቴክኒዮን በኩል ሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይደርሳል።

ስለዚህ ባሕሩንና ተራራውን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ጥያቄው የትኛውን እናስቀድም፣ እንዴትስ እናዘጋጀው የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ

ወሩ ሐምሌ ነበር። ጠዋት ተራራ ወጣን፤ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ወደ ጀልባ ሄድን። ለእኛ ቅደም ተከተሉ ትክክል መስሎን ነበር፤ ከድካም በኋላ የባሕር ነፋስ። ያልቆጠርነው ነገር ግን ሁለት ነበር።

አንደኛው ነፋሱ ነው። በበጋ ቀን የብስ ከባሕር ቶሎ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው የባሕር አየር ቦታውን ሊይዝ ይገባል። ይህ ነፋስ ጠዋት ደካማ ነው፤ ከቀትር በኋላ ይበረታል፤ ማዕበሉንም ያነሣል። እኛ ልክ በሚበረታበት ሰዓት ነበር የደረስነው። ከሃያ ሁለቱ እንግዶቻችን ሰባቱን አቅለሸለሻቸው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። አንዲት እናት ጀልባው አፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸውን ይዘን «ምንም አይደል እማማ፣ አይፈራም፣ እኛ አለን» አልናቸው። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አልን። እርሳቸውም በመጨረሻ፦

«ልጆቼ፣ እኔ ባሕር የማውቀው በሌሊት ነው» አሉን።

ያን ጊዜ ገባን። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ በሌሊት በጎማ ጀልባ ተጭነው፣ በእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ የመጡ ወገኖች አሉን። ታሪኩን ሁላችንም ተምረነዋል፤ በ2019 ፊልም ወጥቶበታል። ነገር ግን አጠገባችን በአውቶቡስ ተቀምጠው ዳቦ ያካፈሉን እናት ከእነዚያ አንዷ እንደ ሆኑ አልጠየቅንም። ከእኛ አንዷ ወደቡ ላይ አብራቸው ቀረች። እማማ ብዙ አላወሩም። «እኅቴ እስከ ባሕሩ አልደረሰችም» ብቻ አሉ።

በአንደኛ ዓመት ትምህርታችን «ከሰውዬው ካለበት ቦታ ጀምሩ» የሚለውን መርህ ተፈትነንበት ጥሩ ውጤት አግኝተናል። ወደቡ ላይ ግን ወደቅን። የጀመርነው እማማ ካሉበት ቦታ ሳይሆን ከእኛ ዕቅድ ነበር። «አይፈራም» ማለትም ማጽናናት አልነበረም፤ እርሳቸው የሚያውቁትን ነገር አታውቁትም ማለት ነበር።

ከጉዞው በፊት፦ ቤት ለቤት

ለሁለተኛው ጉዞ ከአንድ ወር በፊት ጀመርን። በየቤቱ ሄደን ቡና ጠጣን። በወረቀት ቅጽ አልጠየቅንም፤ ቅጽ ሲያዩ ብዙዎቹ የመንግሥት ቢሮ ትዝ ይላቸዋል። እየተጨዋወትን አራት ነገር ጠየቅን።

1. ውሃና ተራራ ምን ያስታውሰዎታል? መልስ የማይፈልግ ሰው ካለ አንገፋም።
2. ምን ያህል ይራመዳሉ? መድኃኒት በስንት ሰዓት ይወስዳሉ?
3. ምግቡን ማን ቢያዘጋጅ ይበላሉ? ያ ቀን ጾም ወይም በዓል አለበት?
4. እርስዎ ለሌላው ሰው ምን ማሳየት ወይም ማስተማር ይወዳሉ?

አራተኛውን ጥያቄ የወሰድነው በክፍል ከተማርነው የጥንካሬ አተያይ ነው። ይህን አስተሳሰብ በስፋት ያስተዋወቁት በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴኒስ ሳሊቤይ ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰውን ስንገናኝ የጎደለውን ብቻ አንቁጠር፤ ያለውን፣ የሚያውቀውን፣ ያለፈበትንም እንጠይቅ። ከመልሶቹም ዕቅዱ ራሱ ተለወጠ። ባሕሩ ወደ ጠዋት መጣ፤ ተራራው ወደ ከሰዓት ሄደ።

ባሕሩ፦ ሸራና ነፋስ

በጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ኪሾን ወደብ ነበርን። የዓሣ አጥማጆችና የሸራ ጀልባዎች ማቆያ ነው። ጀልባ ነጂው በዕብራይስጥ ሲያስረዳ እኛ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስን። በመጀመሪያው ጉዞ «ጃኬቱን ልበሱ፣ ተቀመጡ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ነበር የተረጎምነው። ትእዛዙን ብቻ የሚሰማና ምክንያቱን የማይሰማ ሰው እንደ ሕፃን ይቆጠራል።

አረጋውያን ከመሳፈራቸው በፊት ሊሰሙት የሚገባ ሦስት ነገር አለ።

የሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ ፊት መሄድ አይችልም። መድረሻው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከሆነ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ገደም እያለ፣ ዳገት እንደሚወጣ መንገድ ተጠማዝዞ ይሄዳል። ጀልባው በድንገት ሲዞር መንገድ የጠፋበት እንዳይመስላቸው ቀድመን እንንገራቸው።

ጀልባው ያዘነብላል። ከሆዱ ሥር ወደ ውሃው የወረደ ከባድ ብረት ወይም እርሳስ ስላለ መልሶ ያቃናዋል። ማዘንበሉ የሸራ ጉዞ ጠባይ ነው።

የሚያቅለሸልሸው ሰው ወደ ስልኩ ወይም ወደ እግሩ ሳይሆን ሰማይና ባሕር ወደሚገናኙበት መስመር ይመልከት። ባዶ ሆድም ጥጋብም አይመከርም።

ይህን ስናስረዳ ከደምቢያ የመጡ አንድ አባት አቋረጡን። ደምቢያ በጣና ሐይቅ ሰሜን ነው። «ታንኳ እኮ ሸራ የለውም» አሉና ከደንገል እንዴት እንደሚታሰር፣ ውሃ ሲጠጣ እንደሚከብድ፣ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው እንደሚበሰብስ በእጃቸው እያሳዩ አስረዱ። አሁን ትርጉሙ ተገላበጠ፤ ከአማርኛ ወደ ዕብራይስጥ። ጀልባ ነጂው ጥያቄ በጥያቄ ላይ አከታተለባቸው። አባታችን የመሪውን መንኰራኵር ለአምስት ደቂቃ ያህል ይዘው ነበር። ፎቶው ዛሬ በልጃቸው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ተራራው፦ ሙሕራቃ

ከወደቡ በአውቶቡስ ወደ ካርሜል ወጣን፤ በዒስፊያና በዳልያት አልካርሜል የድሩዝ መንደሮች በኩል ሙሕራቃ ደረስን። ከፍታው 482 ሜትር ነው። አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከባሕሩ ዳር በ3 ዲግሪ ያህል ይሻላል። የከሰዓቱን ሙቀት እዚያ ለማሳለፍ የመረጥነው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ካርሜል 546 ሜትር ነው ስንል አንድ የሰሜን ሰው ሳቁብን። «ይኼማ እኛ ዘንድ ፍየል የምናግድበት ጉብታ ነው» አሉ። ልክ ናቸው፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው «ጉልበቱ ግን የዛሬ ነው» ብለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሙሕራቃ ላይ ያለው ሕንፃ የካርመላውያን ገዳም ነው። ወደ ጣሪያው መመልከቻ የሚወጣው በገዳሙ ውስጥ ነው። ይህን ቀድመን ስለተናገርን አብረውን የነበሩት ቄስና ሦስት ሰዎች ወደ ውስጥ እንደማይገቡ ከቤታቸው ወስነው ነበር የመጡት። በሩ ላይ ማንም አልተሳቀቀም፤ ለእነርሱ ከውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር አዘጋጀን።

ከጣሪያው የኢይዝራኤል ሜዳ ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ሰማዩ ጥርት ካለ በምዕራብ ባሕሩም ይታያል። የወረዱት ሰዎች ያዩትን ለቄሱ ሲነግሯቸው ቄሱ ነገሩን ቀጠሉት። ኤልያስ ከበዓል ነቢያት ጋር የተከራከረው በዚህ ተራራ እንደ ሆነ፣ ነቢያቱ ወደ ቂሶን ወንዝ እንደ ወረዱ፣ ከዚያም አገልጋዩ ሰባት ጊዜ ወደ ባሕሩ ሲመለከት የሰው እጅ የምታህል ደመና እንዳየ ተረኩ። ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 ነው። ቀጥለውም «ቂሶን የት ነው?» ብለው ጠየቁን። በዕብራይስጥ ኪሾን የምንለው ነው፤ በዚህ ሜዳ አልፎ ወደ ሐይፋ ባሕረ ሰላጤ ይገባል፤ ጠዋት የተሳፈርንበት ወደብ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው አልናቸው። ቄሱ ዝም አሉ፤ ከዚያ «እንግዲያው ደመናዋ የወጣችው እኛ ጠዋት ከነበርንበት በኩል ነዋ!» አሉ። እኛ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንት ጊዜ ወደዚህ ቦታ መጥተናል፤ ተራራውን ከባሕሩ ጋር እንዲህ ያገናኘልን አስጎብኚ ግን አልነበረም።

አጭር ማስታወሻ ለአዘጋጆች

• በካርሜል በየሜዳው እሳት አይነድም፤ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ክልክል ነው። በታኅሣሥ 2010 በካርሜል የተነሣው እሳት የ44 ሰው ሕይወት አጥፍቷል። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙ።
• በእግር የምትሄዱ ከሆነ የመንገዱን ምልክት ተከተሉ፤ ሦስት መስመር ነው፤ ዳርና ዳሩ ነጭ፣ መሐሉ የመንገዱ ቀለም። ለሙሉ ቀን በሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ ያዙ።
• ከሁለት ቀን በፊትና በዋዜማው የነፋሱንና የማዕበሉን ትንበያ፣ የፒኩድ ሃዖሬፍንም መመሪያ ተመልከቱ። ባሕሩ ከተናወጠ መሰረዝ ነውር አይደለም።
• ዓርብ አትውጡ፤ ሰንበት ሳይገባ ቤት ለመድረስ መጣደፍ ቀኑን ያበላሻል።
• ወጪውን ቀድማችሁ ተናገሩ። አውቶቡስ ውስጥ ገንዘብ መሰብሰብ ሰው ያሸማቅቃል።
• የአምቡላንስ ቁጥር 101፣ የእሳት አደጋ 102 መሆኑን ሁሉም ይወቅ።

እማማስ?

ለሁለተኛው ጉዞ ቤታቸው ስንሄድ «ጀልባው አያስፈልግም፤ ቲዩሉ ግን አይቅርብኝ» አሉን። ምን ማድረግ እንደሚወዱ ጠየቅናቸው። «ቡናውን እኔ እይዛለሁ» አሉ። ጀልባው ሲወጣ ከአንዷ ጓደኛችን ጋር ወደቡ ላይ ተቀመጡ። ስንመለስ እያንዳንዳችን ስንወርድ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። የመጨረሻው ሰው ሲወርድ፦

«ሃያ ስድስት ሄዳችሁ፣ ሃያ ስድስት መጣችሁ። ተመስገን» አሉና ቡናውን ቀዱልን።

በልምምድ ማስታወሻችን «በጀልባው ያልተሳተፉ፦ 1» ብለን ልንጽፍ ነበር። ሰረዝነው።

ለውይይት

1. በቤተሰባችሁ ውስጥ ባሕር፣ ተራራ ወይም ረጅም መንገድ ሲነሣ ዝም የሚል ሰው አለ? ዝምታውን ሳትጫኑ እንዴት ቦታ ትሰጡታላችሁ?
2. «ተሳተፈ» እና «አልተሳተፈም» የሚለውን በልምምድ ሪፖርታችሁ የምትለዩት በምንድን ነው?
3. በምትማሩበት ከተማ አቅራቢያ ያለ አንድ ቦታ ምረጡ። ስለ እርሱ ከእናንተ ይልቅ የሚያውቅ የሠፈራችሁ ሽማግሌ ማን ነው? ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ያገኛችሁትን ለሚቀጥለው እትም ላኩልን።