ለሴት ተጫዋቿ፦ ከውሎ አበሉ ጀምሪ

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። ጠያቂዋ እግር ኳስ ተጫዋች ናት። የምትጫወትበት ክለብ ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። ክለቡ የወንዶችም የሴቶችም ቡድን አለው። ለጨዋታ ከከተማ ሲወጡ ለወንዶቹ የሚታሰበው ውሎ አበል ከሴቶቹ ይበልጣል፤ የማሸነፊያ ማትጊያውም እንደዚያው፤ የደመወዙ ልዩነትማ አይነሳ። «ስጠይቅ ‹የወንድና የሴት ኳስ አንድ አይደለም› አሉኝ። ሕጉም እንዲህ ይላል?» ትላለች።

የድሬ ልጅ ስለሆንሽ አንቱታውን ትቼ በአንቺ ልመልስልሽ። ሕጉ እንዲህ አይልም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 1(መ) ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 87 ሴቶች በጾታቸው ምክንያት በማናቸውም ሁኔታ ልዩነት እንዳይደረግባቸው ይከለክላል፤ በአንቀጽ 14 አሠሪ እንዲህ ያለ አድልዎ ሲፈጽም ድርጊቱን ሕገ ወጥ ይለዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ ይላል፤ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

«ተጫዋች ሠራተኛ ናት ወይ?» የሚል ክርክር ሊነሳብሽ ይችላል። በአሠልጣኝ ትእዛዝ ሥር ከሆንሽ፣ የልምምድ ሰዓትሽን ክለቡ ከወሰነ፣ በየወሩም የሚከፍልሽ እሱ ከሆነ፣ በአዋጁ አንቀጽ 4 ትርጉም የሥራ ውል አለሽ። ውሉ በጽሑፍ ባይሆን እንኳ መብትሽ አይጠፋም። በራሷ ኃላፊነት እየተወዳደረች ከሽልማት የምትኖር ሯጭ ግን ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት። የመከላከያ ወይም የፖሊስ አባል ሆና የምትጫወትም እንዲሁ፤ እሷን የሚጠብቃት ሕገ መንግሥቱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። መብቱ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ማስረዳቱ ሌላ። ደመወዝ ላይ ብቻ ከተከራከርሽ ክለቡ «እያንዳንዱ ተጫዋች በግሉ ተደራድሮ ነው የፈረመው፤ ወንዶቹም እርስ በርስ እኩል አይከፈላቸውም» ይላል። ይህ መልስ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ፌዴሬሽናቸውን ሲከስሱ በ2020 ዳኛው የክፍያ ክሳቸውን ውድቅ ያደረገው ጠቅላላ ያገኙት ገንዘብ ከወንዶቹ አያንስም ብሎ ነው። በመጨረሻ በ2022 በ24 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩ አለቀ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ደመወዝን ብቻ ነጥሎ ሳይሆን ጠቅላላ ጥቅሙን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር እንደሚያስፈልግ ነው።

ማወዳደሩን ግን ከየት ትጀምሪያለሽ? የእኔ ምክር ከውሎ አበሉ ጀምሪ ነው። ውሎ አበል፣ የካምፕ ምግብ፣ ሕክምና፣ ትጥቅ፣ መጓጓዣ፦ እነዚህ በግል ድርድር የሚወሰኑ አይደሉም። ክለቡ ለቡድን በሙሉ የሚያወጣቸው ተመኖች ናቸው። አንድ አሠሪ ለአንድ ዓይነት ጉዞ ሁለት ተመን ካወጣና የሚለያቸው የቡድኑ ጾታ ብቻ ከሆነ ምክንያቱን ማስረዳት የሚከብደው እሱን ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ምሳ ለወንድም ለሴትም ዋጋው ያው ነው። የክለቡ ጠበቃ ምናልባት «ውሎ አበል በአዋጁ ትርጉም ደመወዝ አይደለም» ይላል። እውነት ነው፣ አይደለም። ነገር ግን አንቀጽ 87 ደመወዝ ብቻ አላለም፤ በማናቸውም ሁኔታ ነው ያለው።

«ወንዶቹ ገቢ ያመጣሉ» የሚለውን ክርክር በተመለከተ የምለው አለኝ። የወንዶቹ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዲኤስቲቪ ታይቷል፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በስታዲየም ትኬት አይደለም። የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀትና በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ የሴቷም ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦቹ በ2011 ዓ.ም. ለወንዶቹ የ50 ሺህ ብር የደመወዝ ጣሪያ ሲያስቀምጡ ክፍያው በገበያ ብቻ እንደማይወሰን ራሳቸው አሳይተዋል። በአትሌቲክስማ እ.ኤ.አ. በ2022 ኦሪገን ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ታምራት ቶላና ጎቲቶም ገብረሥላሴ ሁለቱም የማራቶን ወርቅ ሲያጠልቁ ለእያንዳንዳቸው የተመደበው የአንደኛነት ሽልማት እኩል 70 ሺህ ዶላር ነበር።

ማስረጃውን ከየት ታገኛለሽ? አዋጁ አሠሪ የክፍያ መዝገብ እንዲይዝ፣ ስትጠይቂም እንዲያሳይሽና እንዲያብራራልሽ ያስገድደዋል። ደግሞም ይህን ልብ በይ፦ መዝገቡ ላይ ሳትቃወሚ ፈርመሽ መቀበልሽ ቀሪውን ትተሽዋል ማለት አይደለም። የወንዶቹን መዝገብ ካላሳዩሽ ክስ ስትመሠርቺ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልሽ ጠይቂ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ክስ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም።

ወልደሽ ወይም ለመውለድ አስበሽ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አለሽ፤ በእርግዝናሽ ወቅትና ከወለድሽ በኋላ እስከ አራት ወር ውልሽን ማቋረጥ አይችሉም። የፊፋ ደንብ 14 ሳምንት በደመወዝ ሁለት ሦስተኛ ይላል። የአገራችን ሕግ ከዚያ የተሻለ ስለሆነ በፊፋው እንዳያሳንሱሽ።

ፍርድ ቤት ከሄድሽ ፌዴሬሽን ይቀጣሻል የሚሉሽን አትስሚ። ፊፋ ራሱ በተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንቡ አንቀጽ 22 ተጫዋች የሥራ ክርክሩን ወደ ፍርድ ቤት የመውሰድ መብቱን ጠብቆለታል። ብቻ ውልሽ ውስጥ የግልግል አንቀጽ ካለ መጀመሪያ ለጠበቃ አሳዪው።

በመጨረሻም መብትሽ በይርጋ እንዳይጠፋብሽ ተጠንቀቂ። የደመወዝና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ለክለቡ ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን ይርጋውን አያቋርጥም፤ «ውድድሩ ሲያልቅ እናያለን» የሚል የቃል ተስፋም አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም ለሥራ ጉዳይ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ማመልከትሽ፣ ወይም ክለቡ ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው። እህቴ፣ የመጨረሻው ውሎ አበል መከፈል የነበረበትን ቀን ዛሬውኑ ፈልጊና ከዚያ ስድስት ወር ቁጠሪ።