ከመሬቱ ጋር የምንከራየው ጨው

በደላሎች አፍ «መስኖ ገብ» የሚለው ቃል ብቻውን የአንድን መሬት ኪራይ ያንረዋል፡፡ ወንዙ ቅርብ ነው፣ ቦዩ ተቆፍሯል፣ ፓምፑ ቆሟል፣ ማሳውም ሜዳ ነው ከተባለ ባለሀብቱ ብዙ አይጠይቅም፡፡ ሊጠየቅ ሲገባው የሚታለፍ ጥያቄ ግን አለ፤ በቦይ የገባው ውሃ በየት በኩል ይወጣል? በዚህ ሣምንት ጉዳዩን ከሒሣብ አንፃር እንመለከተዋለን፡፡

ቀላል ስሌት እናስቀድም፡፡ ከወንዝ የሚጠለፍ ውሃ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሟሟ ጨው አለው፡፡ በአንድ ሊትር 320 ሚሊግራም ጨው ያለበትን፣ ለመስኖ ደህና የሚባለውን ውሃ እንውሰድ፡፡ በሞቃት ቆላ አንድ ሄክታር በዓመት 10 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ቢጠጣ ከውሃው ጋር 3,200 ኪሎ ጨው ገብቷል፡፡ በእኛ ገበያ አነጋገር 32 ኩንታል ማለት ነው፡፡ ውሃውን ተክሉ ይጠጣዋል፣ የቀረውንም ፀሐይ ታተነዋለች፤ ጨውን ግን ተክሉ እምብዛም አይወስደው፣ ፀሐይም አታነሣው፡፡ ታጥቦ ወደ ታች ካልወረደ እዚያው ይከማቻል፤ በአሥር ዓመት 320 ኩንታል፡፡ ይህን ክምችት በሒሣብ መዝገቡ የዕዳ ረድፍ ላይ የሚያሰፍር የእርሻ ድርጅት አላጋጠመኝም፡፡

«ታዲያ ውሃ ጨምሮ ማጠብ ነዋ!» የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ ልክ ነው፤ ጨው የሚታጠበው በትርፍ ውሃ ነው፡፡ ነገር ግን ትርፉ ውሃ ከሥር መውጫ ካላገኘ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ላይ ይገፋዋል፡፡ ይህ ውሃ ከመሬቱ ገጽ አንድና ሁለት ሜትር ያህል ሲቀርብ፣ ላምባ በኩራዝ ክር እንደሚወጣ ሁሉ በአፈሩ ቀዳዳዎች እየተሳበ ይወጣና ይተናል፤ የተሸከመውንም ጨው ገጹ ላይ ትቶት ይሄዳል፡፡ ማሳው ነጭ አመዳይ የለበሰ የሚመስለው በዚህ ጊዜ ነው፡፡ መፍትሔው ከመሬት በታች የሚቀበር ቧንቧ ወይም ጥልቅ የማጠንፈፊያ ቦይ፣ ባለሙያዎቹ ድሬኔጅ የሚሉት ነው፡፡ ዋጋው ውድ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አስፈላጊነቱ ስለማይታይ ሁልጊዜ «ለሁለተኛው ምዕራፍ» ይተላለፋል፡፡

ለዚህ ከመካከለኛው አዋሽ የተሻለ ምሣሌ ማግኘት ያስቸግራል፡፡ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1962 ከተቋቋመ በኋላ በአሚባራና በመልካ ሰዲ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተከፈቱ፡፡ ቦዩ ቀደመ፣ ውሃው ያለ ስስት ፈሰሰ፣ ጥጡም ለጊዜው አማረ፡፡ ብዙም ሳይቆይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ሥር መጠጋት ጀመረ፤ የማጠንፈፊያው ሥራ የተከተለው ጉዳቱ ከታየ በኋላ ነው፡፡ በጨው ምክንያት የተተዉ ማሣዎችን ፕሮሶፒስ የተባለው፣ አፋሮች «የደርግ ዛፍ» የሚሉት እሾሃማ ቁጥቋጦ ወረሣቸው፡፡ ያ ዛፍ ጨው ይችላል፡፡ ገንዘብ ወጥቶበት የተደለደለ መሬት ለግመል እንኳ የማይመች ጫካ ሲሆን ማየት ለአንድ የኢኮኖሚ ተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ለባለ ገንዘቡ ግን አይደለም፡፡

አንድ መሬት «ጨዋማ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ መደምደም በቂ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፡፡ ላቦራቶሪዎች የአፈርን ጨው የሚለኩት ዴሲሲመንስ በሜትር በሚባል መለኪያ ነው፡፡ በተለምዶ 4 እና ከዚያ በላይ ያስመዘገበ አፈር ጨዋማ ይባላል፡፡ ጥጥ ግን እስከ 7.7 ድረስ ምርቱ አይነካም፡፡ ገብስም 8 ድረስ ይቋቋማል፡፡ በሌላ በኩል ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ገና 1.7 ላይ መጎዳት ሲጀምሩ፣ ሽንኩርት ደግሞ 1.2ን አይሻገርም፡፡ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሚጠቀምበት ሠንጠረዥ መሠረት፣ 4 ባስመዘገበ ማሣ ላይ ጥጥ ሙሉ ምርቱን ሲሰጥ ሸንኮራ አገዳ 14 በመቶ፣ በቆሎ 28 በመቶ፣ ሽንኩርት 45 በመቶ ያህል ምርት ያጣል፤ የቦሎቄውማ ከግማሽ በላይ ነው፡፡

እዚህ ላይ ደላላው የሚናገረው እውነት ሆኖ ባለሀብቱ የሚከስርበት ሁኔታ ይፈጠራል፡፡ «አምና ጥጥ አቁሞበት ነበር» የሚለው ማስረጃ ለጥጥ ገዢ እንጂ ለሽንኩርት አልሚ አይሠራም፡፡ የሽንኩርት ዋጋ ሲወደድ የጥጥ መሬት ተከራይቶ ወደ አትክልት ለመግባት የሚጣደፍ ሰው፣ ከዋጋው ትርፍ የሚበልጠውን በምርት ቅናሽ ሊያጣው ይችላል፡፡

ወደ መተሐራ ብቅ ያለ ደግሞ ሌላ ነገር ያያል፡፡ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው የበሰቃ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፡፡ ውሃው ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ነው፡፡ ወደ ድሬዳዋና ጂቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳናና የቀድሞው የባቡር ሐዲድ ከፍ እንዲደረጉ አስገድዷል፤ የግጦሽ መሬትም ውጧል፡፡ መንስዔው ላይ ተመራማሪዎች አንድ አይደሉም፤ ገሚሱ በዙሪያው ካሉ የመስኖ እርሻዎች የሚሰርገውን ውሃ፣ ገሚሱ የስምጥ ሸለቆውን የከርሰ ምድር እንቅስቃሴና ፍል ውሃውን ያስቀድማል፡፡ ለገበያው ግን ውጤቱ ይበልጣል፡፡ ሐይቁ የሚጠጋው ጨው የማይወደውን የሸንኮራ ማሣ ነው፡፡ እንዳይሞላ ሲባል ውሃው እየተመጠነ ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ መደረጉ ደግሞ ከመልቀቂያው በታች ያለ ገበሬ የሚጠልፈው ውሃ ከላይኛው የተለየ እንዲሆን ያደርጋል፡፡ ወንዙ አንድ ስለሆነ ብቻ ውሃው አንድ አይደለም፡፡

ጨው ሁሉም አንድ ዓይነት አለመሆኑም በዋጋ ላይ ለውጥ ያመጣል፡፡ ነጩ ጨው መውጫ ካገኘ በውሃ ይታጠባል፡፡ ሶዲየም የበዛበት አፈር ግን ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይላቁጣል፣ ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ውሃ አያሰርግም፡፡ እሱን በውሃ ብቻ ማጠብ ሊያብሰው ይችላል፤ ጂፕሰም፣ ማለትም ጀሶ የሚሠራበትን ድንጋይ ፈጭቶ በብዙ ኩንታል ማልበስ ይጠይቃል፡፡ ስለዚህ «ይታከማል» የተባለ መሬት ሲቀርብ በምን፣ በስንት ብር ተብሎ ይጠየቅ፡፡

ግብፅ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የዓለም ባንክን ብድር ጭምር ይዛ በሚሊዮን በሚቆጠር ሄክታር ሥር የማጠንፈፊያ ቧንቧ ቀብራለች፡፡ ይህን ያደረገችው መንግሥት ስለሆነ ነው፤ 200 ሄክታር የተከራየ ግለሰብ ዋናውን የማስወገጃ ቦይ ብቻውን ሊቆፍር አይችልም፡፡ የኪራይ ውሉ ላይ ይህን ቦይ ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚጠርግ ካልተጻፈ፣ ወጪው በዝምታ ወደ ተከራዩ ተላልፏል፡፡

ምርመራው ራሱ ከአንድ ዓመት ኪራይ ጋር ሲነፃፀር ኢምንት ነው፡፡ አፈሩ ከገጹ ብቻ ሳይሆን እስከ አንድ ሜትር ድረስ በየእርከኑ ይወሰድ፡፡ ሁለት ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ተቆፍሮ በማግሥቱ ውሃ መያዝ አለመያዙ ይታይ፡፡ የወንዙ ውሃ በክረምትም በበጋም ይለካ፡፡ ማሣው በጠጣ ወይም ዝናብ በጣለ ማግሥት የተወሰደ ናሙና ግን፣ ጨዉ ለጊዜው ወደ ታች ስለወረደ፣ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል፡፡