ዋይፋይን ለጎረቤት ስለ ማካፈል

በግቢያችን አራት ቤተ ሰቦች አሉ። መጥረቢያውና የልብስ ማስጫው ገመድ የጋራ ናቸው፤ ቡናም በየተራ ይጠጣል። ዓምና አባቴ የኢንተርኔት መስመር ባስገባ ጊዜ እናቴ «ለጎረቤት የምሰስተው ነገር የለኝም» ብላ የይለፍ ቃሉን ለሁሉም እንድሰጥ አዘዘችኝ፤ ሰጠሁም። በዚች አጭር ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ የሆነውንና የተማርሁትን ለውድ አንባብያን ለመግለጽ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ የነገሩን ጠባይ እንመልከት። ዋይፋይ የራዲዮ ሞገድ ነው። ደንቡ መጀመሪያ የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ በየቤቱ ያሉት ራውተሮች አብዛኛውን ጊዜ በ2.4 ጊጋኸርዝና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። የፊተኛው ግድግዳ አልፎ ርቆ ይሄዳል። የኋለኛው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ቆርቆሮ ደግሞ ሁለቱንም ይመልሳቸዋል። ከቆርቆሮው ማድ ቤታችን ጀርባ ባለችው ክፍል ዋይፋዩ ዘወትር መጣ ሄደ የሚለው ስለዚህ ነው።

ወደ ማካፈሉ ስንመለስ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልገናል። መስመራችን በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ፥ ይህ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ማለት ነው። እንግዲህ 50 ሜጋባይት የሆነ የፊዚክስ መጽሐፍ ብቻዬን ባወርድ በ40 ሰከንድ ያልቃል፤ መስመሩን ለአራት እኩል ብንካፈለው ግን 160 ሰከንድ ይፈጃል። ይህስ የሚያስከፋ አይደለም። ዳሩ ግን ጥራት ያለው ቪዲዮ አንዱ ብቻ 5 ሜጋቢት ያህል ስለሚወስድ፥ ሁለት ልጆች በየስልካቸው ኳስ ለማየት ሲቀመጡ መስመሩ አለቀ ማለት ነው።

የደረሰብንም ይኸው ነው። የይለፍ ቃሉ ከግቢያችን ወጥቶ መንገድ ማዶ ድረስ ተዳረሰ። አንድ ማታ የቤት ሥራዬን ለመላክ ከአንድ ሰዓት በላይ ደክሜ እንቢ ቢለኝ፥ ተናድጄ ለማንም ሳልናገር ቃሉን ለወጥሁት። በማግሥቱ እናቴ ጠራችኝ። ከማድ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩት ጎረቤታችን፥ ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ አለቻቸው፤ ማታ ማታ በኢሞ ትደውልላቸዋለች። በዚያች ሌሊት ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ እኩለ ሌሊት ጠብቀዋታል። እኔን ግን አልወቀሱኝም፤ «አይ ልጄ፥ እዚያ መብራት ጠፍቶባት መስሎኝ ነበር» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌላም ጥፋት ነበረብኝ፤ ሳልሸሽግ ልናገር። ለግቢው ሁሉ የሰጠሁት ቃል የኢሜይሌም የይለፍ ቃል ነበረ!

በካፌና በሆቴል የሚገኘው ዋይፋይ ደግሞ ከማን ጋር እንደምንካፈለው እንኳ የማናውቀው ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ኤሪክ በትለር የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ፋየርሺፕ የሚባል ፕሮግራም አውጥቶ፥ የይለፍ ቃል በሌለው ዋይፋይ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው በፌስቡክ እኛን መስሎ ሊገባ እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ድረ ገጾች መልእክቱን በምሥጢር ጽሕፈት ስለሚልኩት (በአድራሻው ፊት ኤችቲቲፒኤስ የሚለው ምልክቱ ነው) አደጋው እጅግ ቀንሷል። ነገር ግን አልጠፋም፤ አንድ አታላይ የካፌውን ስም የያዘ ሐሰተኛ ዋይፋይ ከፍቶ፥ ሐሰተኛ መግቢያ ገጽ ሊያቀርብልን ይችላል። ስለዚህ እኔ በካፌ ዋይፋይ ጋዜጣ አነባለሁ እንጂ የባንክና የቴሌብር ጉዳይ የምፈጽመው በስልኬ ዳታ ነው።

የቤታችንን ችግር ያቃለለው በራሱ በራውተሩ ውስጥ የነበረ ነገር ነው። በብዙ ራውተሮች የእንግዳ መስመር የሚባል አለ። የራሱ ስምና የይለፍ ቃል አለው፤ በእርሱ የገባ ሰው ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ ወደ ቤታችን ኮምፒዩተር አይደርስም። የእኛው ራውተር የፍጥነት ልክ መወሰንም ስለሚችል 4 ሜጋቢት አደረግሁት። ፊት ለፊት እየተያዩ ለመነጋገር 1 ወይም 2 ሜጋቢት ይበቃል። የኳሱ ወዳጆች ግን እስከ ዛሬ ያጉረመርማሉ።

ራውተሩንም ከቁም ሣጥኑ ላይ አንሥቼ በጓሮው መስኮት አጠገብ አኖርሁት። አዲሱን ቃል በወረቀት ጽፌ ለጎረቤታችን ወሰድሁላቸው። እርሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ፊደሉን አንድ በአንድ ሲያነቡልኝ እኔ በስልካቸው አስገባሁት። ማታ በ2 ሰዓት ልጃቸው ደወለች።