ዘይት የት ይገባል? የት አይገባም?
(ብስክሌትን በትንሽ ወጪ በቤት ውስጥ ስለማጽዳትና ስለመንከባከብ)

አዘጋጅ፦ ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ትምህርት ስለ ብስክሌት ነው።

ከተማችን ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የሌለበት ሰፈር የለም። ሩቅ ሳንሄድ፣ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር የሚደረደሩትን ማየት ይበቃል። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ዞር ዞር ብዬ አየኋቸው። ሰንሰለቱ የዛገ፣ ጎማው የሟሸሸ፣ ፍሬኑ በሽቦ የታሰረ ብዙ አለ። ባለቤቶቹን ስጠይቅ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ማሠሪያ ብር የለኝም» ይላሉ። እኔም እንደዛ እል ነበር። አሁን ግን ብስክሌትን ከብር ማጣት ይልቅ አለማወቅ እንደሚጎዳው በራሴ ላይ ስላየሁ ነው ይህን የጻፍኩት።

መጀመሪያ የኔን ስህተት ልንገራችሁ

ብስክሌቱ የአባዬ ነው። አባዬ የማታ ሥራ ስለሚሠራ ጠዋት ሲገባ እኔ እቀበለዋለሁ። ሦስተኛ ክፍል የምትማረውን እህቴን ከኋላ ጭኜ ወደ ትምህርት ቤት እመጣለሁ። ማታ ደግሞ እሱ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ብስክሌቱ ከተበላሸ ሦስታችንም በእግራችን ነን ማለት ነው።

ክረምቱ እንዳለቀ ብስክሌቱ «ሲጢጥ ሲጢጥ» ማለት ጀመረ። «ዘይት ቢጠጣ ዝም ይላል» ብዬ እማዬ ሳታየኝ ከወጥ ቤት የምግብ ዘይት ቀዳሁ። ሰንሰለቱንም፣ ፔዳሉንም፣ ቸርኬውንም፣ የፍሬኑን ጎማም ሳይቀር ቀባሁት። እውነትም ድምፁ ጠፋ። ኩራቴን አትጠይቁኝ!

በማግስቱ ጠዋት እህቴን ጭኜ ስመጣ ከፊታችን የነበረ ባጃጅ ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ፤ ፍሬኑ ግን አልያዘም። ደጋግሜ ብጨብጥም ይንሸራተታል እንጂ አይቆምም። ባጃጁን ላለመምታት ወደ ቦዩ ጠመዘዝኩትና ሁለታችንም ወደቅን። እኔ ምንም አልሆንኩም። የእህቴ ጉልበት ግን ተልጦ ደም በደም ሆነ። እያለቀሰች «ለእማዬ አልነግርብህም» አለችኝ። ከመውደቁ ይልቅ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ብስክሌቱን እየገፋሁ ሰፈራችን ወዳለው ሳይክል ሠሪ ሄድኩ። ጋሼ ቸርኬውን በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱትና «አንተ ልጅ፣ ሽሮ ልትሠራበት ነው እንዴ?» አሉኝ። ቀጥለው ግን ኮስተር ብለው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ዘይት የሚገባው ብረት ከብረት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ነው። ፍሬን ግን የሚሠራው በመፋተግ ነው። ፍትጊያውን ካጠፋህበት ምን ያቆምልሃል?»

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ «ሰበቃ» ብለን የተማርነው ይኸው ነው። በፈተና ላይ ጽፌው አውቃለሁ፤ ብስክሌቴ ላይ ግን አላስታወስኩትም። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ጋሼ ዘንድ እየሄድኩ ዕቃ ሳቀብል ዋልኩ። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ከሳቸው ያየሁትና ቤት ውስጥ የሞከርኩት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሀ. ቤት ውስጥ በነፃ የሚገኙ
1. ሁለት አሮጌ ጨርቅ፤ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለማድረቂያ። የተቀደደ ካናቴራ በጣም ጥሩ ነው።
2. አሮጌ የጥርስ ብሩሽ
3. ቀጭን እንጨት ወይም ስንጥር
4. በሁለት ዕቃ ውሃ፤ አንዱ ትንሽ የዱቄት ሳሙና ያለበት፣ አንዱ ንጹሕ
5. ለማንጠፊያ የሚሆን ጆንያ
6. የደብተር ማስመሪያ (ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኙታላችሁ)

ለ. የሚገዙ
1. አንድ ትንሽ ጠርሙስ የስፌት መኪና ዘይት። የምንጠቀመው በጠብታ ስለሆነ ለብዙ ጊዜ ይበቃል።
2. አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት
3. ጎማ የሚለጥፍ ማስቲሽ
4. የጎማውን ብሎን የሚፈታ ቁልፍ
5. መንፊያ። መንፊያ ከሌላው ስለሚወደድ እኛ ሰፈር አራት ልጆች ተዋጥተን አንድ ገዛን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

አስተጣጠብ

1. ጆንያውን አንጥፋችሁ ብስክሌቱን ገልብጣችሁ በኮርቻውና በመሪው አቁሙት።
2. የደረቀውን ጭቃ በስንጥር አራግፉ። በቢላዋ አትፋቁት፤ ቀለሙ ከተነሳ ዝገት የሚጀምረው እዚያው ነው።
3. መጀመሪያ የሚታጠበው ሰንሰለቱ ነው፤ ቆሻሻው ወደ ሌላው ስለሚረጭ። የጥርስ ብሩሹን በሳሙና ውሃ ነክራችሁ ፔዳሉን ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ እያዞራችሁ ፈትጉት። ጣታችሁን በሰንሰለቱና በጥርሱ መሃል እንዳታስገቡ!
4. ከዚያ ሌላውን አካል በጨርቅ እጠቡ። ሰንሰለቱን የነካ ጨርቅ ቸርኬውን አይንካ።
5. በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ውሃ በኃይል በሚረጭ ጎማ የጎማውን እምብርትና የፔዳሉን መሃል አትምቱ። እዚያ ውስጥ ኩሽኔታ አለ፤ ውሃ ከገባ ግራሶውን ያጥበዋል።
6. በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። ብዙዎቻችን የምንዘለው ይህንን ነው። ብረት፣ ውሃና ከአየር የሚገኝ ኦክስጅን ሲገናኙ ዝገት ይፈጠራል። ስለዚህ አጥቦ ሳያደርቁ መተው ከነጭራሹ ካለማጠብ ሊብስ ይችላል።

አንዳንድ ልጆች ብስክሌት ጣና ዳር ወስደው ሐይቁ ውስጥ ያጥባሉ። ይህ አይደረግም። ሳሙናውና ዘይቱ ዓሣው ወደሚኖርበት ውሃ ይገባል።

ሰንሰለትና ዘይት

ሰንሰለቱ በደንብ ከደረቀ በኋላ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ። ፔዳሉን ወደ ኋላ ትንሽ አዙሩና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ላዩን ጥረጉት። «ቀብቼ መልሼ ልጥረገው?» ብዬ ጋሼን ጠይቄያቸው ነበር። «ሥራ የሚሠራው ውስጥ የገባው ነው፤ ላዩ ላይ የቀረው አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ምንም አይሠራልህ» አሉኝ። አቧራ የያዘ ዘይት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ብረቱን ይበላዋል።

የምግብ ዘይት ለምን አይሆንም? ሲቆይ እየወፈረ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ አቧራም ይይዛል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይትም አይሆንም፤ ውስጡ የብረት ብናኝና ጥላሸት አለው፣ ለቆዳም ጥሩ አይደለም።

በማስመሪያ የሚደረግ ምርመራ

ይህን የምወደው ሒሳብ ስላለበት ነው። በሰንሰለቱ ጎን ላይ ክብ ክብ የሆኑ የፒን ጫፎች ይታያሉ። ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ፒን መሃል ያለው ርቀት በአዲስ ሰንሰለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱን ፒን «ዜሮ» በሉትና እስከ 20ኛው ቁጠሩ።

20 × 12.7 = 254 ሚሊ ሜትር (25.4 ሳንቲ ሜትር)

ሰንሰለቱን ወጠር አድርጋችሁ በማስመሪያ ለኩት። 25 ሳንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጤነኛ ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ከ6 ሚሊ ሜትር ተኩል ከደረሰ ወይም ካለፈ 1 በመቶ ያህል ረዝሟል፤ መቀየር አለበት። ብረቱ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ አይደለም፤ ፒኖቹ በቆሻሻ ተበልተው ክፍተት ስለፈጠሩ ነው። የረዘመ ሰንሰለት ጥርሱን ይበላል፤ ያኔ ሁለቱንም መግዛት ሊመጣ ነው።

የኛን ስለካው 25 ሳንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ሆነ። ለአባዬ ስነግረው «ታዲያ ገና ያገለግላል» ብሎ ደስ አለው።

ፍሬን

ፍሬን ላይ ዘይት አይገባም። ቸርኬው ላይም እንደዚሁ። በስህተት ከነካው እንዲህ ይደረጋል፦
1. ቸርኬውን በሳሙና ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት።
2. የፍሬኑን ጎማ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ዘይቱ ጠልቆ ከገባበት ግን መቀየር ነው።
3. ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋችሁ ፍሬን ያዙ። ጎማው ካልቆመ አትሳፈሩበት።

አዲስ የፍሬን ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ የተቦረቦሩ መስመሮች አሉ። መስመሮቹ ከጠፉ ጎማው አልቋል። ከዚያ በኋላ ቸርኬውን የሚነካው ብረት ስለሚሆን አይያዝም፣ ቸርኬውንም ይበላል።

ጎማ

ነፋስ የጎደለው ጎማ ይከብዳል፤ ድንጋይ ሲመታም ቶሎ ይቀደዳል። ስንት ነፋስ እንደሚበቃው በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

ከተበሳ የውስጡን ጎማ አውጡና ነፋስ ሞልታችሁ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ንከሩት። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። አድርቃችሁ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጉት። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ክብ ቁራጭ ቁረጡና እሱንም አሻክሩት። ሁለቱንም ማስቲሽ ቀብታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ወዲያው የተለጠፈ ቶሎ ይላቀቃል። ማስቲሹ ጣት ላይ የማይነሳ ሲሆን በኃይል ተጭናችሁ ለጥፉ። ጎማውን ከመመለሳችሁ በፊት የውጩን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዳስሱት፤ እሾሁ እዚያው ካለ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ጥንቃቄ

• ሰንሰለት በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ የሚያጥቡ አሉ። ይህ የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ከሰል ባለበት፣ ቡና በሚፈላበት አጠገብ ፈጽሞ አይደረግም።
• የተሰበረ ሽቦ፣ የተጣመመ ቸርኬ፣ የሚወዛወዝ መሪ ካለ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ራሳችን እንሥራ ማለት ሁሉን እንሥራ ማለት አይደለም።

ማጠቃለያ፦ «ነፍስ»

በየሳምንቱ ቅዳሜ መታጠብ፣ መድረቅና ዘይት ይበቃዋል። ከመሳፈራችን በፊት ግን በየቀኑ የሚታዩ ሦስት ነገሮች አሉ። እንዳይረሱኝ የመጀመሪያ ፊደላቸውን ወስጄ እንዲህ አደረግኳቸው፦

ነ — ነፋስ። ጎማውን በጣት መጫን።
ፍ — ፍሬን። ገፋ አድርጎ መያዝ።
ስ — ሰንሰለት። ላልቶ ወይም ወልቆ እንደሆነ ማየት። («ሰ»ን «ስ» ማድረጌን የአማርኛ መምህራችን ይቅር ይበሉኝ።)

አንድ ላይ ሲነበብ «ነፍስ» ይሆናል። የእህቴ ጉልበት ድኗል፤ ጠባሳው ግን አለ። እማዬም ጠባሳውን አይታ ስትጠይቅ ራሴው ነገርኳት። አሁን እህቴ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንግባ ከብስክሌቱ አጠገብ ትቆምና «ነፍስ አይተሃል?» ትለኛለች። «አይቻለሁ» ብላትም አታምነኝም፤ ፍሬኑን ራሷ ጨብጣ አይታ ነው የምትቀመጠው።

ታውቃላችሁ?
ዛሬ የምንጠቀምበትን በነፋስ የሚሞላ የብስክሌት ጎማ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ቤልፋስት ከተማ ውስጥ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1888 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። መጀመሪያ የሠራው ለልጁ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ነበር።

ጥያቄዎች
1. ቸርኬ ላይ ዘይት የማይደረገው ለምንድን ነው?
2. በአዲስ ሰንሰለት ከዜሮው ፒን እስከ 10ኛው ፒን ስንት ሚሊ ሜትር ነው?
3. «ነፍስ» የምን የምን ምልክት ነው?

መልሱን ጽፋችሁ በክበባችን ሣጥን ውስጥ ክተቱ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት!