ሞተሩ አልሞቅ ሲል

መኪና ሲሞቅ ሁሉም ይደነግጣል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ሲጠጋ ሹፌሩ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ረዳቱ ውኃ ፍለጋ ይሮጣል። መርፌው ታች ተኝቶ ሲውል ግን የሚጨነቅ የለም። እንዲያውም መኪና ሲሸጥ «ሞተሯ አትሞቅም» ማለት እንደ ምስጋና ይቆጠራል። ይህ ምስጋና ብዙ ሞተር ያለ ዕድሜው አስጨርሷል። አብዛኛው ሞተር፣ ቤንዚንም ይሁን ናፍጣ፣ ደኅና የሚሠራው የማቀዝቀዣው ውኃ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ሲሆን ነው። ከዚያ በታች የሚውል ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱን ያበላሻል፣ ሲሊንደሩን ይበላዋል።

ጉዳቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ነዳጅ በቀዝቃዛ ብረት ላይ በደንብ አይተንም። የቤንዚን መኪና ኮምፒውተር ደግሞ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ስለሚያምን ነዳጅ ጨምሮ ይረጫል። ሳይቃጠል የተረፈው ነዳጅ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ስስ ዘይት አጥቦ በፒስተን ፋሻዎቹ በኩል ይወርድና ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ከቃጠሎው የሚወጣው የውኃ እንፋሎትም ዘይቱ በቂ ሙቀት ስለሌለው አይባረርም፤ እዚያው ይጠራቀማል። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ከሥሩ ነጣ ያለ፣ ቅቤ የመሰለ አረፋ የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ያን አረፋ አይቶ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ብሎ ሞተር ለመፍታት የሚቸኩል መካኒክ አለ። ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ነገር ይታይ፦ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ነው ወይ? የራዲያተሩ ውኃ ከቀን ወደ ቀን ይጎድላል ወይ? ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ ውኃውም ካልጎደለ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ጓርኒሲዮኑ ሳይሆን የሞተሩ መብረድ ነው።

ችግሩ ራሱን የሚያጋልጠው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። አዋሽ ወይም አፋር ውስጥ የሚሠራ መኪና አየሩ ራሱ ስለሚያግዘው ጉድለቱ ሳይታወቅበት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ያው መኪና ውርጭ ባደረበት ማለዳ ከደብረ ብርሃን ሲነሳ ግን መርፌው ከታች አልነሳ ይላል፣ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፣ ናፍጣ ከሆነ ነጭ ጭስ እየተፋ ረጅም መንገድ ይሄዳል። አውቶማቲክ ማርሽ ያላቸው ብዙ መኪኖች ደግሞ ውኃው እስኪሞቅ ድረስ የመጨረሻውን ማርሽ ስለማያስገቡ «ማርሹ ተበላሸ» የሚል ሌላ የተሳሳተ ፍርድ ይመጣል።

ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። በውስጡ ሰም አለ። ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና ዘንጉን ገፍቶ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፤ ሲበርድ በስፕሪንግ ኃይል ይዘጋል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች መክፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ራዲያተር ሳይደርስ በአጭሩ መንገድ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል።

በአገራችን ጋራዦች ይህን ዕቃ አውጥቶ መጣል የተለመደ «መፍትሔ» ነው። መኪናው ይሞቃል ተብሎ ይመጣል፣ ቴርሞስታቱ ይወጣል፣ ባለቤቱ ለጊዜው ደስ ብሎት ይሄዳል። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ሞተሩ አልሞቅ ካለው «ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ይሆን?» ከማለቱ በፊት «ጭራሽ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። አንዳንዴም ዕቃው አለ፣ ግን መሐሉ በመሰርሰሪያ ተበስቷል።

ስለዚህ ልማድ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ቴርሞስታት ማውጣት ለሚሞቅ መኪናም ቢሆን መድኃኒት አይደለም። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት ክዳን አለው። አንደኛው የራዲያተሩን መንገድ ሲከፍት ሁለተኛው አጭሩን መንገድ ይዘጋል። ዕቃው ሲወጣ አጭሩ መንገድ ለዘለዓለም ክፍት ይቀራል፤ ከሞቀው ውኃ ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ስለዚህ በማለዳ ቁልቁለት ላይ አልሞቅ ያለው መኪና ከሰዓት በኋላ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ይፈላል። ባለቤቱም ሁለት በሽታ ያለበት ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው።

ወደ ምርመራው እንግባ። ከሁሉ በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውኃው ሙሉ መሆኑን ይዩ። ይህ የማይዘለል ነው። ውኃው ከጎደለ የሙቀት ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ይቀርና መርፌው ወደ ታች ይወርዳል፣ ሞተሩ ግን እየነደደ ነው። እየነዱ ሳለ መርፌው በድንገት ቢወርድና በዚያው ቅጽበት ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ቢነፋ ሞተሩ በርዷል ብለው አይቀጥሉ፤ ወዲያው ያጥፉ። ሲሞቅ ክዳኑን አይክፈቱ።

ውኃው ሙሉ ከሆነ ቀጣዩ መሣሪያ እጅዎ ነው። መኪናው ካደረበት በማለዳ ያስነሱና በሚኒሞ ይተዉት። ቴርሞስታቱ ከላይ፣ በላይኛው የራዲያተር ቱቦ ጫፍ ላይ በሆነባቸው ሞተሮች የላይኛውን ቱቦ በየጊዜው ይንኩ። ጤነኛ ከሆነ ቱቦው ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ይቆይና ቴርሞስታቱ ሲከፍት በአንዴ እጅ የማያስይዝ ይሆናል። ከሞተሩ ጋር እኩል ቀስ እያለ ለብ እያለ ከሄደ ግን በሩ አልተዘጋም ማለት ነው። ቪትዝንና ብዙ ኮሮላዎችን ጨምሮ በሌሎች ሞተሮች ቴርሞስታቱ ያለው ከታች፣ ውኃው ከራዲያተር ወደ ሞተር በሚመለስበት በኩል ነው። በእነዚህ ላይ የላይኛው ቱቦ ቀድሞ መሞቁ ምንም አያስረዳም፤ መነካት ያለበት የታችኛው ቱቦ ነው። ይህን ሳይለዩ ደኅና ቴርሞስታት የሚቀይሩ ብዙ ናቸው። ቱቦ ሲነኩ እጅጌዎን ይሰብስቡ፤ የኤሌክትሪክ ፋን ሞተሩ ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል።

የዳሽቦርዱ መርፌ ለዚህ ሥራ ታማኝ ምስክር አይደለም። በዘመናዊ መኪኖች መርፌው ሰፊ የሙቀት ልዩነት ላይ መሐል ቆሞ እንዲቀር ተደርጎ ነው የተሠራው፤ 75ም ሆነ 95 ዲግሪ ላይ አንድ ቦታ ሊያሳይ ይችላል። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ስካነር ያለው ሰው ትክክለኛውን ቁጥር ያያል፤ ለባለ ታክሲ ይህ ዕቃ ቅንጦት አይደለም። ከማስነሳትዎ በፊት ቁልፉን ብቻ ከፍተው የውኃውን ሙቀትና የሚገባውን አየር ሙቀት ያስተያዩ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ስላደረ ሁለቱ በጥቂት ዲግሪ ካልሆነ በቀር መለያየት የለባቸውም። ከተራራቁ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ነው። ከዚያ ሜዳ መንገድ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ይንዱ። ቁጥሩ 80ዎቹን አልፎ ከተረጋጋ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሲነዱ ወደ 60ዎቹ እየወረደ ትራፊክ ላይ ሲቆሙ ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ ቴርሞስታቱ ክፍት መሆኑን ነፋሱ ራሱ መስክሯል። ቁጥሩ ዝቅተኛ ሆኖ ማሞቂያው ግን የሚያቃጥል አየር ከነፋ ሞተሩ ሞቋል፣ የሚዋሸው ሴንሰሩ ነው። መልቲሜትር ያለው መካኒክ ይህን ሊያረጋግጥ ይችላል፤ የቶዮታ ሴንሰር በ20 ዲግሪ ከ2.3 እስከ 2.6 ኪሎ ኦም ገደማ፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 0.32 ኪሎ ኦም ገደማ ያሳያል። በቆዩ መኪኖች መርፌውን የሚያንቀሳቅሰውና ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ሁለት የተለያዩ ሴንሰሮች መሆናቸውም አይዘንጋ።

ስካነር ከሌለ ካርቶን አለ። የራዲያተሩን ፊት ግማሽ ያህል ሸፍነው ይንዱ፣ ዓይንዎ ግን ከመርፌው አይነቀል። ሙቀቱ ወደ ቦታው ከተመለሰ ጥርጣሬው በቴርሞስታቱ ላይ ይጸናል። ካርቶኑ መመርመሪያ ነው፤ እዚያው ትተውት ጭነው ዳገት ከወጡ ሌላ ጉዳት ያመጣል።

ፋኑም ይወቀሳል፤ በተለይ ሪሌው ሲበላሽ በቀጥታ ከቁልፍ ጋር ተገናኝቶ ያለማቋረጥ እንዲዞር የተደረገው። ያ አሠራር ትክክል አይደለም፤ ሆኖም ቴርሞስታቱ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ከሆነ ፋኑ ብቻውን ሞተሩን ብዙ አያበርደውም። ፋኑን አስተካክሎ ቴርሞስታቱን ሳያዩ መኪናውን መልቀቅ ግማሽ ሥራ ነው።

ቴርሞስታቱ ወጥቶ በእጅ ሲያዝ ወደ ብርሃን ቀና ያድርጉት። ቀዝቃዛ ሳለ ዙሪያውን ብርሃን ማሳየት የለበትም፤ አየር ማስወጫዋ ትንሽ ቀዳዳ ግን በተፈጥሮዋ ያለች ናት። ከዚያ በውኃ ቀቅሎ መፈተን አለ። እዚህ ላይ በደጋ የሚሠራ መካኒክ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል። የብዙ ቴርሞስታቶች መመሪያ በ95 ዲግሪ ቢያንስ 8 ሚሊሜትር ይከፈት ይላል። ውኃችን እዚያ ስለማይደርስ በመመሪያው ልክ አልተከፈተም ተብሎ ደኅናው ዕቃ ይጣላል። መክፈቻው 88 ዲግሪ የሆነ ቴርሞስታትማ ደብረ ብርሃን ላይ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ገና መንቀሳቀስ ቢጀምር ነው። ስለዚህ ስንት ተከፈተ ከማለት ይልቅ ስንት ዲግሪ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ ብለው በቴርሞሜትር ይከታተሉ። 82 የተጻፈበት ዕቃ 65 ላይ ከተከፈተ ሰሙ ወይም ስፕሪንጉ ደክሟል። ሲበርድ ሙሉ በሙሉ ካልተዘጋም አበቃለት። ለዚህ ሥራ የቤት ድስት አይጠቀሙ፤ ዕቃው ላይ የቀረው ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) መርዝ ነው።

ሁሉም መብረድ ግን ብልሽት አይደለም። ናፍጣ ሞተር ሳይጭን ሲሠራ የሚያመነጨው ሙቀት ጥቂት ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሞተር ፍሬን የሚወርድ የጭነት መኪና መርፌው ዝቅ ቢልበት፣ ሜዳ ላይ ሲደርስ ወደ ቦታው ከተመለሰ የሚነካ ነገር የለውም።

በሚኒያፖሊስ ወይም በዴንቨር የሚነዱ ወገኖቻችን የሚያገኙት ያንኑ ችግር ከባሰ ብርድ ጋር ነው። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የሞተር መብራቱ በርቶ ኮዱ ፒ0128 ሆኖ ነው፤ ትርጉሙ ውኃው በተጠበቀው ጊዜ ወደሚፈለገው ሙቀት አልደረሰም ማለት ነው። ኮዱን በነጻ የሚያነቡ የመለዋወጫ መደብሮች ብዙ ናቸው፤ ኮዱ ግን ቴርሞስታቱ ነው ብሎ አልፈረደም፤ የውኃ ማነስም ያመጣዋል። መንገደኛ ጭነው የፊት መስታወቱ ከበረዶ ካልጸዳ ጉዳዩ ከነዳጅ አልፎ የደኅንነት ነው። ሃይብሪድ የሚነዱ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ሞተሩ በራሱ ሲጠፋ የውኃው ሙቀት መውረዱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ፍርዱ መሰጠት ያለበት ሞተሩ እየሠራ በረጅም መንገድ ላይ ነው።

ቴርሞስታት ሲገዙ በሞተሩ ዓይነት እንጂ በመኪናው ስም ብቻ አይግዙ፤ ዲግሪው ከፋብሪካው ጋር ይመሳሰል፣ የጎማ ማኅተሙም አዲስ ይሁን። አየር ማስወጫዋ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን። ዕቃው ወጥቶ ለዓመታት የተነዳ መኪና ከሆነ ግን መልሶ ከመግጠም በፊት ራዲያተሩ መታጠብ አለበት። መጀመሪያ እንዲወጣ ያደረገው ምክንያት ብዙ ጊዜ በዝገትና በደለል የታፈነ ራዲያተር ስለሆነ፣ ሳይታጠብ አዲስ ቴርሞስታት ቢገባ መኪናው ይሞቃል፣ ወቀሳውም በአዲሱ ዕቃ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በቧንቧ ውኃ ፋንታ ኩላንት ይሞላ፤ ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል ሲደባለቅ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ሳይጋገር ይቆያል፣ ዝገትንም ይከላከላል። ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርገው አየሩ እስኪወጣ ያስነሱት፣ ሲበርድ ደግመው ይሙሉ። ሞተሩ ለወራት በርዶ ከሠራ ዘይቱንና ፊልትሩን የኪሎሜትር ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይቀይሩ፤ ውስጡ የገባው ነዳጅና ውኃ አዲስ ቴርሞስታት ስለገባ ብቻ ሁሉም ተንኖ አይወጣም።