ቤቱ ኖድ ለመትከል ላሰበ ልጄ

1. ልጄ፣ መጀመሪያ ለምን እንደምትተክለው ለይ። የቢትኮይን ኖድ ከማይኒንግ የተለየ ነው፤ አምስት ሳንቲም አይከፍልህም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ የተላከልህ ገንዘብ በትክክል መድረሱን ማንንም ሳትለምን በገዛ ማሽንህ ታረጋግጣለህ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ትርፍ ፈልገህ ከሆነ ግን ብርህን ቆጥብ።

2. ከሁሉ በፊት ዲስኩን አስብ። ብዙ ወጣቶች ገንዘባቸውን በፕሮሰሰሩ ላይ ይጨርሱና ለዲስኩ የተረፈውን ይሰጣሉ። የቢትኮይን መዝገብ እ.ኤ.አ. ከጥር 2009 ጀምሮ በየ10 ደቂቃው ገደማ አንድ ብሎክ እየተጨመረበት ከ600 ጊጋባይት አልፏል፤ ባለፉት ዓመታት በየዓመቱ ከ50 ጊጋባይት በላይ ጨምሯል። 1 ቴራባይት ለዛሬ ይበቃል፤ ቶሎ ከመቀየር ለመዳን ግን 2 ቴራባይት ግዛ። ዓይነቱም ኤስኤስዲ ይሁን። ኖዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ከመጀመሪያው ብሎክ ጀምሮ እየመረመረ ነው የሚመጣው፤ ገና ወጪ ያልተደረጉትን ሳንቲሞች ዝርዝር ያለ ዕረፍት ያነባል፣ ይጽፋል። በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ማንበቢያው ከቦታ ቦታ ሲመላለስ ጊዜው ያልቃል፤ በኤስኤስዲ በጥቂት ቀናት የሚያልቀው ሥራ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

3. አቅምህ ካልፈቀደ አትሸማቀቅ። ቢትኮይን ኮር ፕሩኒንግ የሚባል አሠራር አለው፤ ሁሉንም እየመረመረ አሮጌዎቹን ብሎኮች በየመንገዱ ያጠፋል። ለብሎኮቹ 550 ሜጋባይት ብቻ ልትፈቅድለት ትችላለህ፤ የሳንቲሞቹ ዝርዝር ግን ለብቻው ከ10 ጊጋባይት በላይ ይይዛል። ማውረዱ ያው ሙሉ ስለሆነ፣ ኢንተርኔትህ በጥቅል የሚገዛ ከሆነ ሂሳቡን አስቀድመህ ሥራ።

4. ራም 8 ጊጋባይት ለቢትኮይን ደህና ነው።

5. የምትተክለው የኢቴሪየም ኖድ ከሆነ ግን ጠንከር ያለ ማሽን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 ወዲህ ሁለት ፕሮግራሞች አብረው ይሠራሉ፤ አንዱ ግብይቱን ይፈጽማል፣ ሌላው ኔትወርኩ የተስማማበትን ይከታተላል። ብሎክ በየ12 ሴኮንዱ ስለሚመጣ ሃርድ ዲስክ አይደርስበትም። ቢያንስ 2 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፣ ከተቻለም 32 ጊጋባይት ራም ያዝ። ዋጋው አጓጉቶህ ኪውኤልሲ የሚባለውን ዲስክ እንዳትገዛ፤ የማያባራ ጽሕፈት ይጎዳዋል። 32 ኢተር ያስፈልጋል ሲሉህም አትደንግጥ፤ እሱ ብሎክ አረጋጋጭ (ቫሊዴተር) ለሚሆን ነው።

6. መብራት ድንገት ሲጠፋ የመረጃ ቋቱ ሊበላሽና ምርመራው እንደገና ሊጀመር ይችላል። ዩፒኤስ ግዛ፤ ራውተሩንም እሱ ላይ ሰካው፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑ በሥርዓት እንዲዘጋ አስተካክለው።

7. መዝገቡን ባክአፕ በማድረግ አትድከም፤ ከሌሎች ኖዶች እንደገና ይወርዳል። የዋሌትህን ፋይል ግን በሌላ ፍላሽ ገልብጠህ ከማሽኑ አርቀህ አስቀምጥ።